ሁለተኛዋ ጠብታ

የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯ ከስፌት መኪናዋ ልትነሳ ስትል ተቆጣጣሪው መንገዷን ዘጋ። "ደግሞ ስኳር ልትለኪ? ስትወልጂ ይለቅሻል ተብለሽ የለ? እስከዚያ ቻል አድርጊው!"

ሐኪሟ ምሳ በበላች በሁለት ሰዓቱ እንድትለካ አዟት ነበር። ይህን ለተቆጣጣሪው ማስረዳት ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖባት ከረመ። "እሺ፣ አልወጣም" አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። የስኳር መለኪያዋን በምትሰፋው ነጭ አንሶላ ላይ አስቀምጣ ጣቷን ወጋች። የመጀመሪያዋን ጠብታ መለኪያው ጠጣ፤ ሁለተኛዋ ጣቷ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች።

"ኧረ አንሶላው! ነገ የሚጫን ዕቃ እኮ ነው!" ተቆጣጣሪው ዘሎ መዳፉን ከጣቷ ሥር ዘረጋ። ጠብታዋ እጁ ላይ አረፈች። ደንግጦ አፈጠጠባት። "አሁን ይሄን ምን ላድርገው?"

ዓይኗን ከቁጥሩ ሳታነሳ መለሰችለት።

"እስክወልድ ቻል ያድርጉት።"