የአርባ ሦስት ቁጥር መቀስ

ኧረ ሳቁ አልለቅ አለኝ! ቆይ፣ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው፤ አሁን ተስቆ ካለቀ ምን ይቀራል? ከአልጋው እንጀምር።

ልብስ ሰፊዋ ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ስልሳ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ አሳጥራ ቆርጣ ከስፌት ቤቱ ተባራ ነበር። ጥፋቱስ ጥፋት ነው። ግን ለአለቃው ማን ነገረው? አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን የሰፉት፣ ምሳ በአንድ ሳህን የበሉት ባለ መነጽሯ ጓደኛዋ ናታ! ሌላ ማን ሊሆን? ስሟን ላለመጥራት "ያቺ" ትላታለች፤ "ያቺ" ካለች ደግሞ ያን ቀን እህል አይወርድላትም።

ባሏ እየጎተተ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሱ ስለ ሐዘኗ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቃት፣ የመልሶቿን ነጥብ ደመረና "ሃያ አንድ" አለ።

"ሐዘንም እንደ ወገብ በሜትር ይለካል?"

"ይለካል፣ እህቴ። ይጠባልም።"

ስልኳ ላይ ትምህርት ጫነላት፤ በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ከዚያ የቤት ሥራ። የቤት ሥራውን የምታይ ረዳት አለች፤ በዚያው ትምህርት ድና የወጣች ሴት ናት። ስም መጠራራት የለም። ልብስ ሰፊዋ ቁጥር አርባ ሦስት ሆነች፤ ረዳቷም "ረዳት" ብቻ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ "የሚያስጨንቅሽን ጻፊ" ይላል። መጻፍ ብቻ? ዘረገፈችው! ዩኒፎርሙን፣ እጅጌውን፣ ያቺን፣ የያቺን መነጽር ሳይቀር። ረዳቷ ሦስት ቀን ድምጿ ጠፋ። መቼም ኔትወርኩ ነው። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፦ "ትልቅ ነገር አትሞክሪ። በባልሽ ሸሚዝ ላይ የወለቀ ቁልፍ አይጠፋም። ከቁልፉ ጀምሪ።"

ጀመረች። አንድ ቁልፍ ተከለች። በማግስቱ ሁለት። በሳምንቱ የመጋረጃውን ጠርዝ ቀመቀመች። በአራተኛው ሳምንት ሃያ አንዱ አሥራ ሦስት ሆነ፤ ነርሱ አጨበጨበ። ምን ያውቃል እሱ? "እግሬ ይጽና እንጂ ያቺን አሳያታለሁ" እያለች እኮ ነው ከአልጋ የምትወርደው!

አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ከረዳቷ ጋር ተጣሉ።

"ጓደኛሽ ለአለቃው ስትናገር በዓይንሽ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"በጆሮሽስ ሰምተሻል?"

"አልሰማሁም! አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?"

"የማንም። ሌላ ማን ሊናገር ይችል እንደነበር ጻፊ።"

ልብስ ሰፊዋ የቤት ሥራውን ባዶውን መለሰችላት።

በዚያ ሰሞን ወሬ መጣ። ያቺም ያኔውኑ ሥራ ለቃ፣ ወራት በሯን ዘግታ ከርማ ኖሯል። አሁን የራሷን ሱቅ ልትከፍት ነው።

"ግፌ ነው በር ያስዘጋት!" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ደስ ብሏት።

ሱቁ ድረስ ሄዳ አጮልቃ አየች። መስኮቱ ላይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው።

የመጨረሻው የቤት ሥራ "ወደምትሸሺው ቦታ ሂጂ" የሚል ነበር። "እሄዳለሁ" ብላ ጻፈች። "ቅዳሜ። ትልቁን መቀሴን ይዤ። ቀሚሷን ሰው ፊት እዘለዝለዋለሁ።"

ትቆጣኛለች ስትል፣ "ማለዳ ሂጂ፣ ሰው ሳይበዛ" የሚል መልስ መጣ።

"አሁን ገና ተግባባን!" አለች።

ቅዳሜ ማለዳ መቀሱን ስትስል ባሏ አያት። "ተመስገን! ሥራ ልትጀምሪ ነው?"

"ልጨርስ ነው እንጂ።"

የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ቀሚሱ ከመስኮቱ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ ክፍት ነው፤ አጠገቡ ሳህን ሙሉ ትንንሽ ነጭ ቁልፎች። ያቺ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

ያቺ ቀና እንኳ ሳትል መርፌውን ዘረጋችላት፦ "ግቢ፣ አርባ ሦስት ቁጥር፤ መቀሱን አስቀምጪና ከቁልፉ ጀምሪ።"