ሰላምታ የነፈጋት ወፍ

ሙርሺዳን ስምንት ዓመት ሙሉ ያንገበገባት ነገር፣ የባሏ በቀቀን ለገባ ለወጣው ሁሉ ሰላምታ እየመለሰ ለእሷ ዝም ማለቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ አጠገብ ቴምቢሳ ባለው ቤታቸው እንግዳ ገብቶ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲል፣ ያ ዶሮ የሚያክል ወፍ «ወዓለይኩሙ ሰላም» ይላል። ሰው ይስቃል፣ ኦቾሎኒ ያጎርሰዋል። ሰላም ካልተባለ ግን ትንፍሽ አይልም። ጣቷን ነክሷል፣ ሶፋዋን ዘነጣጥሏል፤ ሰላምታዋን አንዴም አልመለሰም።

«ሰላምታሽ እኮ ቁጣ ነው የሚመስለው» ይላታል ባሏ ሙደሲር።

«አንተም ወፍህም ጥፉልኝ!»

ማክሰኞ ቀትር ላይ ባሏን ሱቅ ትታ ብቻዋን ቤት ገባች። ተናዳ ስለነበር ሰላምም አላለች። ወፉ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ «ወዓለይኩሙ ሰላም» አለ።

«ለማን ነው የምትመልሰው፣ አንተ እርጉም?»

ወፉ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ጓዳው በር አዞረና ደገመው።

በቃት። በገዛ ቤቷ ማንም አይንቃትም። ከነሽቦ ቤቱ አንጠልጥላ ግቢው ውስጥ አስቀመጠችውና ተመልሳ ገብታ የቤቱን የብረት በር ከውስጥ ቆለፈች።

«እስቲ አሁን ለማን እንደምትመልስ አያለሁ!»

ከጓዳ አንድ ለስላሳ ድምፅ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሙርሺዳ» አላት።