ሽንዲ በኩል የቆመች ነጥብ

ዮርዳኖስ የምንጭ ውኃ ሥራ ቡድን መሪ ሆና ቡሬ ከመጣች ጀምሮ ጠዋት መጀመሪያ የምታየው ስልኳን ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለቡድኖቹ ሁሉ አንድ አፕ ሰጥቷል። ለማን ምን ሥራ እንደተሰጠ፣ ማን እንደጨረሰ እዚያው ይታያል። የጨረሰ ሰው አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል። በካርታው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት አንዲት ነጥብ ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

አፑ ለመሪ እንዲመች ተደርጎ የተሠራ ነው። ለተጠራጣሪ መሪ ግን ከዚያም በላይ ይመቻል።

በዚያ ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ መመሪያ በአፑ መጣ። በቡድኑ ውስጥ ዘመድ ያለው መሪ ያሳውቅ፤ ደብቆ የተገኘ ከቦታው ይነሣል ይላል። ዮርዳኖስ አነበበችና ዘጋችው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ገብረሰንበት የእናቷ የአጎት ልጅ ነው። ያስቀጠረችውም እሷ ናት። ሰውየው ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ የሙከራ ጊዜዋ እስኪያልቅ ዝም ብትል ማን ያውቃል?

ብዙም ሳይቆይ ገብረሰንበት ቢሮዋ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«አንቺ፣ ያ የቧንቧ ባለሙያው አለበል የአያትሽን ስም ጠየቀኝ።»

«ለምን?»

«እኔ ምኑን አውቄ። የአያትሽን አባትም ጠየቀኝ። ባባትሽም በናትሽም። እኔና አንቺ በማን በኩል እንደምንዛመድ ሁሉ።»

«ነገርኸው?»

«ዘሬን ምን ያስደብቀኛል?» አለ ገብረሰንበት ቅር ብሎት።

ዮርዳኖስ መመሪያው ትዝ አላት፤ ሊያሳጣት ማስረጃ እየሰበሰበ ነው። ከሁሉ ያቃጠላት አለበል መሆኑ ነው። ሥራውን ከሰው ቀድሞ የሚጨርስ፣ ጭቃው ላይ እንዳትወድቅ ከፊት ከፊት የሚሄድ ሰው ነው። ከቡድኑ ሁሉ የምታምነው እሱን ነበር። ከመስክ እስኪመለስ ሥራ ሳይኖራት ቢሮ የምትቆይበት ቀንም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያየችውን ሁሉ በዚያው ዓይን አየች። «እርስዎ» ሲላት የኖረው ሰው አንድ ጠዋት አምልጦት «አንቺ» አላት፤ ወዲያው ደንግጦ አስተካከለ። ንቀት ነው አለች በልቧ፤ ከቦታዬ ልነሣ መሆኔን አውቆ ነው። አብሮት የሚሠራውን ግንበኛ፣ ሙሄዲንን፣ ጠራችው።

«አለበል ሰሞኑን ምን ሆኗል?»

«የሰውን ሆድ እኔ በምን አውቄ?» አለ ሙሄዲን። ሳቁን ለመደበቅ ግን ወደ ሲሚንቶው ዞረ። እሱም አለበት አለች።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር ይላል የአገሬ ሰው። ስንጥር ሲፈልግ ገንፎው ስለቀዘቀዘበት ሰው ግን ተረቱ የሚለው የለም።

አንድ ዓርብ አለበል የቀኑን ሥራ ቀድሞ ጨረሰና ነጥቡ ከቡሬ ወጥታ የሽንዲን መንገድ ያዘች። ቡድኑ በሽንዲ በኩል አንድም ምንጭ የለውም። በዚያ በኩል ያለው የዮርዳኖስ የትውልድ ቀበሌ ነው። ነጥቧ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆመች፤ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅም ከዚያ አልተነሣችም። ዮርዳኖስ ለደብሩ ቄስ፣ ለአባ ገብረ ሕይወት፣ ደወለች።

«አባ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ የመጣብዎ እንግዳ ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነበር እንጂ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ስለ ዘመዶችሽ ስናወጋ ዋልን።»

«ለምን ፈለገው አባ?»

«እሱን ከእኔ አትሰሚም፤ አደራ ብሎኛል።»

ሰኞ አለበል ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ።

«ረቡዕ ከሰዓት ቢፈቅዱልኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

አንገቱን ደፋ። «ሲደርስ መስማትዎ አይቀርም።»

«አልፈቅድም። በሥራ ሰዓት ከሥራ ቦታ የወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ አለበል።

ረቡዕ ሥራውን ሁሉ አረንጓዴ አድርጎ ጨረሰ። ከዚያ ነጥቡ ወደ ሽንዲ መንገድ ገባች። ዮርዳኖስ ቢሮዋን ዘግታ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ በዓይኗ ተከተለቻት። ነጥቧ ቤተ ክርስቲያኑን አለፈች። ከአባቷ ቤት በታች ያለው ዋርካ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ወደ ቤቱ አልገባችም፤ አልተመለሰችምም።

አባቷ የሆዳቸውን የሚናገሩ የዋህ ሰው ናቸው። «ገብረሰንበትን ያስቀጠረችው የኔ ልጅ ናት» ብለው በኩራት እንደሚመሰክሩ ታውቃለች። ደወለችላቸው፤ አላነሱም። ደገመች፤ አሁንም አላነሱም። ሰው ይዟቸዋል ማለት ነው። እንጀራዋ አልቆለታል። ፈራች፤ ከፍርሃቷም ንዴቷ በለጠ።

መቅደም ነበረባት። የተባረረ ሰው ቢከስ ቂም ነው ይባላል።

በአለበል ስም ላይ «ከቡድኑ አስወግድ» የሚለውን ነካች። ምክንያት ሲጠይቃት «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ በመጥፋትና የመሪን ትእዛዝ በመናቅ» ብላ ጻፈች። አንዴ ከተላከ መሪውም ሊመልሰው እንደማይችል አፑ አስጠነቀቃት። ላከችው።

ነጥቧ ከካርታው ላይ ጠፋች። ዮርዳኖስ እፎይ አለች።

ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ አባቷ ናቸው።

«ሽማግሎች ፊት ስልክ ማንሣት ነውር ሆኖብኝ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ «እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ከአለበል ጋር አትዛመዱም፣ እኔም እናትሽም ወደነዋል፤ አሁን ልጁ ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው የአንቺን ፈቃድ ብቻ ነው።»