እስከ ማታ የቆየው ባትሪ

ስልኩ ከምሳ ሰዓት አያልፍም ነበር። ጠዋት ጢም ብሎ ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ ጭጭ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ አይሰጣትም፤ ብዙ የሚደውልላት ሰውም የላትም። አሁን ግን እስከ ማታ እንዲቆይላት የፈለገችው ለልጇ ብላ ነው።

ልጅቷ ሚጡ ገና አፏን እየፈታች ነው። እናቷ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ካውያ ይዛ ቆማ ስትውል፣ ልጅቷን የሚጠብቁት የባሏ እናት ናቸው። ጠዋት ይመጣሉ፤ ምራታቸው ስትገባ ልጅቷን አስረክበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሲወጣም ሲገባም ልጁ ተኝታ ነው የሚያገኛት።

አንድ እሁድ ልጁን ሊያጥባት ልብሷን ሲያወልቅ ክንዷ በልዞ አየ። የጣት ምልክት ይመስላል። ሚስቱን ጠርቶ ይሄ ምንድን ነው አላት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከእናትህ ጋር አይደል የምትውለው?» አለችው።

ይህን ካለች በኋላ ነገሩ ሆዷ ገብቶ አልወጣ አለ። ባልየው ግን በእናቱ የሚመጣበትን አይወድም። እኛን ሁሉ ሲያሳድጉ እጃቸውን አንስተውብን አያውቁም፣ ማስረጃ ካለሽ አምጪ፣ ያለዚያ አፍሽን ያዢ ብሎ ዘጋት።

ማስረጃ ልታመጣ ተነሳች። ጠዋት ስትወጣ ስልኩን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ብርድ ልብስ መሃል ትሸጉጥና ድምፅ መቅጃውን ከፍታ ትሄዳለች። በማግስቱ ስልኩን ሥራ ቦታ ይዛው ትሄድና ማዳመጫውን በሻሿ ስር አድርጋ አንሶላ እየተኮሰች ትሰማለች። የምትሰማው አማቷ ልጅቷን እየለመኑ ሲያጎርሱ ነው። «ይቺን ብቻ፣ ለእኔ ስትይ።» ቀጥሎ እሹሩሩ። ቀጥሎ ማንኪያ መሬት ሲወድቅና ልጅቷ ስትስቅ። ከዚያ ስልኩ ይሞታል።

ጠዋትማ ማን አይችልም አለች በልቧ። እጅ የሚሰነዘረው ድካም ሲጠና ነው፣ ወደ ማታ ነው።

ደግሞ ምልክቱን ታየዋለች። ከሥራ ስትገባ ሚጡ ሮጣ አቅፋት አታውቅም፤ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች። ምን ብለው ቢያስፈራሯት ነው የገዛ እናቷን የምትሸሸው? እግሯ አብጦ፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ ቀኑን ሙሉ የአለቃዋን ጩኸት ጠጥታ መጥታ፣ ልጇ እንዲህ ስትሆንባት ደሟ ይፈላል።

ስልኩን ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ለዚህ ስልክ ባትሪ አሁን አይገኝም አላት።

«አርጅቷል እህቴ። ጡረታ የወጣ ሰው ጆንያ ታሸክሚያለሽ?»

አልሳቀችም። እንደምንም እስከ ማታ አድርስልኝ አለችው። ሰውየው አዘነላትና አሳያት። የመስታወቱን ብርሃን እስከ ታች ቀነሰው። ዳታውን አጠፋ። ያለሽበትን ቦታ የሚያሳየውንም አጠፋ። ሳትከፍቻቸው ከኋላ ሆነው የሚበሉሽ እነዚህ ናቸው ብሎ አንድ ሰልፍ ሙሉ ነገር ዘጋ። ኔትወርክ እየፈለገ ነው የሚደክመው፣ ማንም ካልደወለልሽ ኔትወርኩንም ዝጊው አላት። እንዳይግልም ፀሐይ ከሚመታው ቦታ አርቂው።

እንዳላት አደረገች። አንድ ቀን ከምሳ አለፈ። ሌላ ቀን ሚጡ ከቀትር እንቅልፏ እስክትነቃ ቆየ። አሁንም እሹሩሩ እንጂ ሌላ የለም። እኚህ ሴትዮ አውቀውብኛል እንዴ ብላ ተጠራጠረች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። እንደ ልማዷ ስትገባ ስልኩ ሞቷል ብላ አልነካችውም። ሚጡ እራት አልበላም ብላ አለቀሰች፣ እያለቀሰች ተኛች። እናትየው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ እጇን ስትሰድ ስልኩ አልሞተም። ባትሪው ቀልቷል፣ መቅጃው ግን እየሠራ ነው። መቅጃውን አቆመችው፣ ቻርጀር ላይ ሰካችው፣ የቅጂውን መስመር በጣቷ ወደ መጨረሻው ገደማ ገፋችው።

ጥፊ። ጧ ያለ ጥፊ። ከዚያ የሚጡ ትንፋሽ ያጠረው ጩኸት።

መስማት አልቻለችም፤ ዘጋችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከልቧ አለቀሰች።

እሁድ ባልየው እናቱን አስጠራ። ሴትየዋ መጥተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሚጡ ወዲያው ጭናቸው ላይ ወጣች፤ እናቷ ነጥቃ አወረደቻት። ባልየው መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«እናቴም ብትሆኚ ያው ነው። ያ እጅ የማን እንደሆነ ከታወቀ ይቺን ልጅ ዳግመኛ አይነካትም። ከዚህ ቤት ይወጣል።»

«ሰሙ እማማ? ልጅዎ ነው ያለው» አለች ሚስትየዋ።

አሮጊቷ የተቀዳ ድምፅ እንዳለ ሲሰሙ ፊታቸው ዳመነ። ምራታቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ልጄ፣ ተይው» አሉ ቀስ ብለው። «አትክፈቺው። ቤት አይፍረስ።»

«አየህ?» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «አየህ እንዴት እንደፈሩ?»

ስልኩን ከፈተችው። ጥፊው ተሰማ፤ ሚጡ ጮኸች። ባልየው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ስልኩን ከሚስቱ እጅ ተቀበላት። ምን ብታጠፋ ነው እንዲህ የተመታችው፣ ከመጀመሪያው ልስማ አለና መስመሩን ወደ ኋላ ጎተተው።

በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ። አያት ልጅቷን ሲያባብሉ ተሰማ። «በይ ልጄ፣ ተረከቢኝ፣ ደህና እደሩ» አሉ። የጫማቸው ድምፅ እየራቀ ሄደ፤ የውጭው በር ተዘጋ።

ጥፊው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።