ደባል ድረ ገጽ

«ድረ ገጹ አሁንም ይሽከረከራል» ይላል አናጢው፣ ስልኩን ክንዱ እስኪደርስ አርቆ ይዞ። «እዪውማ፤ ሰው እንዲህ እያስጠበቀ ነው የሚመልሰው።»

ድረ ገጹን የሠራችለት ሴት ገና ቀለም ያልነካው ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፍታለች። በስልክ ሲጨቀጭቃት ሰንብቶ ዛሬ እስከ እንጨት መሥሪያው አስመጥቷታል። ቀሚሷን ከወዲሁ የእንጨት ብናኝ ወርሶታል።

«ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ» ትላለች ልታለዝበው።

«የኔው እንቁላል ሳይገማ አልቀረም።»

ትስቃለች። እሱ አይስቅም።

«መጀመሪያም ነግሬዎታለሁ እኮ» ትላለች። «ድረ ገጽም እንደ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። እርስዎ የመረጡት ርካሹን ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ከስንትና ስንት ሰው ጋር ተዳብሎ ነው የሚኖረው። አንደኛው ደባል እንግዳ ሲበዛበት የሌላው እንግዳ ደጅ ይቆማል።»

አናጢው ደባልነትን ያውቀዋል። ከሚስቱ ጋር ኑሮ ሲጀምሩ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለው ከሌላ ባልና ሚስት ጋር ኖረዋል፤ ከመጋረጃው ማዶ ሲነጠስ ወዲህ «ይማርህ» ይባል ነበር። ልጁም እዚያው ነው የተወለደው።

«እሺ፣ ደባል ነው። በር ሲንኳኳ የሚከፍት ግን እንዴት ይጠፋል?»

«ከፋችማ አለ። ግን አርባ ፎቶ አስጭነውኛል፤ ያውም የእንጨቱ መልክ ጥርት ብሎ ካልታየ ብለው። ያን ሁሉ ተሸክሞ እስኪወጣ ነው። ወይ ፎቶ እንቀንስ፣ ወይ ለብቻው ቤት ይከራዩለት።»

«ለብቻው ዘንድሮ አልችልም። ፎቶውም አይነካም።»

«እንግዲያው ደንበኛ ትንሽ ይታገስ።»

«ደንበኛማ ይታገሳል» ይላል አናጢው። «እሱ ነው የማይታገሰው።»

«ማን?»

ስልኩን ኪሱ ይከትና ንጹሑን ጠረጴዛ በመዳፉ ይጠርጋል።

«ልጄ» ይላል በመጨረሻ። «በማይረባ ነገር ተጋጭተን ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። ጣውላ የሚያመጣልኝ ሾፌር ካለበት አግኝቶት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ከሰው ራቅ ብሎ የሱቄን ስም በስልኩ ይፈልጋል አለኝ። ይከፍተዋል፣ ይሽከረከርበታል፣ ይዘጋዋል። ኮላ እስኪደርቅ መጠበቅ የማይችል ልጅ ይሄን ሊጠብቅልኝ ነው?»

«በሾፌሩ ለምን አይልኩበትም?»

«ገጹን ማየቱን እንዳይነግረኝ አስምሎታል። ሾፌሩ ደግሞ መሐላውንም አፉንም መያዝ አይችልም። ለምን ቤትህ አትገባም ቢለው ‹አልተጠራሁም› አለ አሉ።» ሊስቅ ይሞክራል። «ልጅ አባቱ ቤት የሚመጣው ተጠርቶ ነው? ሠርግ መሰለው?»

ሴትዮዋ የራሷ አባት ትዝ ይላታል፤ እሱም እሷን ሳይጠራ መምጣቷን የሚጠብቅ ሰው ነበር።

«አርባውንም ያስጫንኩት እኮ እሱ እንዲያየው ነው» ይላል አናጢው። «የሠራሁትን ሁሉ እንዲያይ።»

«እሱ ግን አንዱንም አላየም፣ ጋሼ።»

አናጢው ስልኩን እንደገና ከኪሱ ያወጣል።

«ቃልስ ስንት ይመዝናል?»

«የጽሑፍ ማለትዎ ነው? ምንም። ገጹን በጽሑፍ ቢሞሉት የአንድ ወንበር እግር ፎቶ አያህልም።»

«እንግዲያው አንሺው። ሁሉንም አንሺና ‹ና› ብለሽ ጻፊ።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይቆማሉ። «‹ና› ብቻ?»

«ብቻ።»

«ደንበኛም ያየዋል እኮ። ደንበኛን አንተ ብሎ መጥራት ነውር ነው። ‹ይምጡ› ልበለው?»

«ልጄን ‹ይምጡ› ልበለው? ጭራሽ የተቀየምኩ ይመስለዋል።»

«ደንበኛውስ?»

«ቅር ያለው ይቅር።»

ሴትዮዋ ትጽፋለች። አርባውን ፎቶ ግን አታጠፋበትም፤ ገጹን ለሚነካ ብቻ እንዲመጡ ከኋላ ታስቀምጥለታለች። ፊደሏን መሐል ላይ፣ ስልክ ቁጥሩን ከሥሯ ታደርጋለች።

«ይሞክሩት።»

አናጢው የሱቁን ስም ይነካል። ጣቱን ሳያነሳ ገጹ ከች ይላል፤ ነጭ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ፊደል። ይዘጋዋል። ይከፍተዋል። ምንም አይሽከረከርም።

«እሱም ጋ እንዲህ ነው የሚመጣው?»

«እንዲሁ ነው።»

«ደባሎቹ እንግዳ ቢበዛባቸውም?»

«ቢበዛባቸውም። አንዲት ፊደል በየትም ትሾልካለች።»

ፊደሏን ደጋግሞ ያያታል። ልጁ ናፍቆታል። ይህን ለጎረቤት አላለም፣ ለእህቱም አላለም፤ አሁን ስልክ የያዘ ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው ነው። ጆሮው ይግላል፤ ግን አጥፊው አይላትም።

ሴትዮዋ ብናኙን ከቀሚሷ አራግፋ ትሰናበተዋለች። አናጢው ስልኩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጥና ከጠዋት ጀምሮ የቆመውን ጣውላ ወደ መጋዙ ይስባል። ማብሪያውን ሊጫን እጁን ይዘረጋል። ከዚያ ይሰበስበዋል፤ መጋዙ ሲጮህ ስልክ አያሰማም።

የእጅ መላጊያውን ከግድግዳው ያወርዳል። አንዴ ይልጋል፤ ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ ደግሞ ይልጋል።