የሁለት ዶሮዎች ጣጣ

የምስራችና ረሂማ በአረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። አልጋቸው አንድ፣ ፍሪጃቸው አንድ፣ ሳቃቸው አንድ ነው። ሥጋ ላይ ሲደርሱ ብቻ ይለያያሉ። የምስራች የክርስቲያን፣ ረሂማ የእስላም።

ነገ ፋሲካ ነው። የምስራች የማኅበር ጓደኞቿን ጠርታለች። ረሂማም አረፋን ሥራ ላይ ስለዋለች እንግዶቿን ለነገ ቀጥራለች።

ጠዋት የምስራች ዶሮዋን አንጠልያስ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደች። ለክርስቲያኖች የሚያርደው ማንደፍሮ በስመ አብ ብሎ አረደላት። «ነገ መጥተህ ብላ» ብትለው «ሆዴን ያመኛል» አለ።

ረፋድ ላይ ረሂማ የሷን ለእስላሞች በሚያርደው በአባፊጣ እጅ አሳርዳ መጣች።

«ቢስሚላሂ ሲል ደስ ይላል» አለች። «ግን ግብዣ አይወድም።»

ከሰዓት በኋላ የምስራች ፍሪጁን ከፍታ ጮኸች። ሁለቱ ዶሮዎች አንድ ሳህን ላይ ተጋድመዋል።

«ያኒ፣ ለለስላሳው ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ነው» አለች ረሂማ።

«የኔ የትኛው ነው?»

«ወፈር ያለው የኔ ነው።»

«ሆን ብለሽ ነው! ልታሰልሚኝ ነው!»

«አንቺን አስልሜ በሌሊት ለሱብሂ ሶላት ማን ሊቀሰቅስሽ ነው?»

የምስራች ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። ማኅበርተኞቿ «የእስላም ሥጋ አበላችን» ካሉ ከማኅበሩ ትባረራለች። በዚህ አገር ስትታመም የሚጠይቃት ደግሞ ማኅበሩ ብቻ ነው።

ዶሮዎቹን ገለበጠቻቸው። የሁለቱም እግር በሰማያዊ ሲባጎ ታስሯል።

«አይ ዕድሌ! ሲባጎው እንኳ አንድ ይሁን?»

«ለምን ሁለቱንም አንጥልም?»

«ሌላ መግዣ አለሽ?»

ረሂማ ባዶ ቦርሳዋን ገልብጣ አሳየቻት።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች የምስራች። «ያረደ ሰው የገዛ ቢላዋውን አቆራረጥ አይስትም። ማንደፍሮን እጠራለሁ።»

«ያንቺ ሰው ብቻውን ሊፈርድ? እኔም አባፊጣን እጠራለሁ!»

ተራ በተራ ወርደው ከታች ካለው ሱቅ ስልክ ደወሉ። ማንደፍሮ ቶሎ እሺ አለ። የአባፊጣ ስልክ መጀመሪያ ተይዞ ነበር። ሲገኝ አድራሻውን ሁለቴ አስደገማት፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ «እሺ፣ መጣሁ» አለ።

ሁለቱ ሴቶች ሳህኑን መሐል አድርገው ተፋጠው ተቀመጡ። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ አብራ ትነሳለች።

በሩ ተንኳኳ። ተገፋፍተው፣ ተረጋግጠው ከፈቱት።

የምስራች «ማንደፍሮ፣ ደረስክልኝ!» ስትል ረሂማም «አባፊጣ፣ ደረስክልኝ!» አለች፤ ደጃፉ ላይ የቆመው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።