አሥራ ሰባት ቁጥር

«ይህን አሥራ ሰባት ቁጥር አውጪልኝ!» አለ የሐኪሞች ቦርድ ሊቀመንበር፣ እስክሪብቶውን ግድግዳው ላይ ወደሚታየው ምስል ቀስሮ። «ጤነኛውን በሽተኛ የሚል ኮምፒውተር ምን ይሠራልኛል?»

ምስሉን በኮምፒውተር የሠራችው ቀማሪ ማውዙን እንኳን አልነካችም። ይህን ሰው ፊት ለፊት የምታገኝበትን ቀን ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ይናገር፣ እስኪበቃው ይናገር፤ ምን አስቸኮላት!

ዘማቾቹ ሊቀመንበሩን «ማኅተም» ነው የሚሉት። ከጦር ሜዳ ተመልሰው ጉልበት የከዳቸው፣ ተኝተው የማያርፉ፣ አንድ ደረጃ ወጥተው ሁለት ቀን አልጋ ላይ የሚወድቁ ሰዎች ፊቱ ይቀርባሉ፤ እሱ ሳያስጨርሳቸው «ጤነኛ» የሚለውን ማኅተሙን ይመታል። «እኔም እዚያው ግንባር ነበርኩ፤ ታዲያ ምን ሆንኩ?» ይላቸዋል። ታላቅ ወንድሟን፣ ጋሼን፣ የሸኘው እንዲሁ ነው። ፋይሉ ላይ «ምርመራው የሚያሳየው ነገር የለም፤ ሥራ መሸሽ ነው» ብሎ ጻፈበት። ጋሼ ከሥራ ሊሸሽ! የሰፈሩን ግማሽ ቤት በእጁ ያቆመ ግንበኛ ዛሬ ሸሚዙን ሲቆልፍ መሃል ላይ ያርፋል።

እሷ ሥራዋ ቁጥር ነው። የዘማቾቹ ደም ሦስት ጊዜ ይቀዳል፦ የምርመራውን ብስክሌት ከመርገጣቸው በፊት፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸውና ከአራት ሰዓት በኋላ። የሰውነት መከላከያ ሕዋሶች የሚላላኩትን መልእክት ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ትቀምራለች። የጤነኛ ሰው መከላከያ ድካሙ ሲያልፍለት ወደ ቦታው ይመለሳል። የታማሚዎቹ ግን ጦርነቱ ማብቃቱን የነገረው ያለ አይመስልም፤ እንደነቃ ቀርቷል። ምስሉ ላይ ለማነጻጸሪያ ደም የሰጡት ጤነኞች በስተግራ፣ ታማሚዎቹ በስተቀኝ በነጥብ በነጥብ ተሰብስበዋል። ከጤነኞቹ አሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ ሄዶ በስተቀኝ ተቀምጧል።

የማን ደም እንደሆነ አታውቅም። እንዳታዳላ ተብሎ ስሙ ሁሉ በታሸገ ፖስታ ነርሷ ዘንድ ነው ያለው። ማኅተምም ዘማቾቹን ሊያሳፍር ከጤነኞቹ ወገን ደሙን እየሳቀ እንደሰጠ ሰምታለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ያልጠራ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ አየችው። ልቧ የጠረጠረው ያን ጊዜ ነው።

«ዶክተር፣ ሰውየው ጤነኛ ስለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?» አለች።

«ባይሆን ከጤነኞቹ ይመዘገብ ነበር? ልጄ፣ ሰው አይቶ ማወቅ እኮ የኔ ሙያ ነው።»

«እንግዲያው ፖስታው ይከፈትና ሰውየው ይጠየቅ። ምንም የለብኝም ካለ የኮምፒውተር ሞዴሌን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ። አለብኝ ካለስ?»

«ካለማ!» ከት ብሎ ሳቀና ወደ ስምንቱ የቦርድ አባላት ዞረ። «የዘጋሁትን ፋይል ሁሉ በገዛ እጄ እከፍታለሁ! ሰምታችኋል አይደል?»

«ሰምተናል» አሉ። እሷም የፈለገችው ይህችኑ ነበር።

ጠና ያሉት ነርስ ፖስታውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ባለቤቱ ሳይፈቅድ ስም አይነበብም፤ ሕግ ነው።»

«አይነበብም፣ እትዬ» አለች ቀማሪዋ፣ ድምፅዋ ማር ማር እያለ። «ለዶክተር ብቻ ይስጧቸው። እሳቸው ይዩት።»

ነርሷ እያመነቱ አቀበሉት፤ ማኅተም ፖስታውን ቀደደው። ጣቱ ዝርዝሩን ይዞ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገና እንደገና አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

የቀማሪዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ኧረ መጠጣት ብቻ! ጋሼ ጎረቤት እንዳያየው በጓሮ በር ሲገባና ሲወጣ ስድስት ዓመቱ፤ አሁን የዚህን ሰው ላብ ግንባሩ ላይ ስታየው የዚያን ሁሉ ቀን ብድር የመለሰች መሰላት።

«ምነው ዶክተር?» አለች። «ሥራ መሸሽ ነው ይላል እንዴ?»

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሰውየው ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ደረጃ ላይ... ሁለት ዓመት ሆነኝ። እርጅና መስሎኝ ነበር። ለባለቤቴም አልነገርኳት።» ወደ ቦርዱ ጸሐፊ ዞረና «ፋይሎቹ ነገ ይከፈታሉ» አለ። ጸሐፊው መዘገበ። አለቀ። የጋሼ ስም ከነገ ጀምሮ ንጹሕ ነው።

እሷ ግን ገና አልበቃትም።

«ታዲያ መመለሻው?» አለ ማኅተም፣ ድምፁ ወርዶ። «ሞዴልሽ ላይ ብዙ መድኃኒት ሞክሬያለሁ ብለሻል። መከላከያውን ወደ ቦታው የሚመልስ አንድ እንኳን አላገኘሽም?»

ስምንት ወር ሙሉ ሞክራለች። አራት ሺህ ያህል የመድኃኒት ቅንጅት ኮምፒውተሩ ላይ ለቃ አይታለች፤ አንዱም አንድ ነጥብ ከቀኝ ወደ ግራ አላሻገረላትም። መልሱን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ቃሉን እያጣጣመች ሰጠችው።

«የለም።»

ደስ አላት። እንዴት ደስ አላት! ከዚያ ወደ ምስሉ ዞረች። በስተቀኝ ሃያ አራት ነጥቦች ተፋፍገው ተቀምጠዋል። መመለሻ ከሌላቸው ከእነዚህ አንዱ ጋሼ ነው፤ የእሱም ስም ፖስታው ውስጥ ስለሆነ የቱ እንደሆነ አታውቅም። አንድ በአንድ በዓይኗ ፈለገችው።